ምንም አልተገኘም

«አትርጂኝ» አለችኝ አሻራ የምትወስደው ሴትዮ። «እጅሽን ልቀቂልኝ። የራስሽ እንዳልሆነ አድርገሽ አስቢው።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀለም የጠጣውን ጣቴን ከአንዱ የጥፍር ጠርዝ እስከ ሌላው ካርዱ ላይ ታንከባልለዋለች። እኔ ደግሞ ሳይታወቀኝ አብሬ እገፋለሁ። ስገፋ ጣቴ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት መስመሮቹ ይድበሰበሳሉ። እንዲህ እያልን ሁለት ካርድ አበላሸን። ሦስተኛው ላይ «በቃ፣ በመስኮቱ ወደ ውጪ እይ» አለችኝ። ውጪ አንድ ሰውዬ መኪና ለማቆም ይታገላል። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት። እሱ መኪናውን ሳያቆም የእኔ ቀኝ እጅ አልቆ ነበር።

ካርዱ ላይ አሥር ትናንሽ ሳጥኖች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ጣት አንድ። ከሥራቸው ደግሞ የየእጁ አራት ጣቶች ሳይንከባለሉ አንድ ላይ የሚጫኑባቸው ሰፋ ያሉ ቦታዎች አሉ። አውራ ጣቶቹም የራሳቸው አላቸው። «ለምን ሁለት ጊዜ?» አልኳት። ላይ ያሉት ጣቶች ተራ ቢዛነፍባቸው፣ ግራና ቀኝ ቢቀያየር፣ ከታች ካሉት ጋር ተመሳክረው ስህተቱ ይታወቃል አለችኝ። በሥራዋ የምትኮራ ሴት ናት። ወደድኳት። እንደገና እንደምንገናኝ ግን አላሰብኩም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የኢሜይል መስመር ነው። ከሕፃናት ጋር የሚያውል አዲስ ሥራ አግኝቼ ነበር። ቀጣሪዎቹ የሚፈልጓቸውን ወረቀቶች ዘርዝረው ላኩልኝ። ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ «ከትውልድ ሀገር የተሰጠ፣ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያረጋግጥ ሰነድ» ይላል። አሁን የምኖርበትን ሀገር ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ በስልኬ ጠየቅኩና በሳምንቱ ደረሰኝ። የሀገር ቤቱም እንዲሁ መስሎኝ «ቶሎ እልክላችኋለሁ» ብዬ መለስኩላቸው።

አምስት ወር ፈጀ።

ከሀገሬ የወጣሁት በ22 ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ የሠራሁት ትልቁ ወንጀል ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ያልመለስኩት የሂሳብ መጽሐፍ ነው። እሱም እስካሁን እናቴ ቤት አለ። ስለዚህ ውጤቱ ምን እንደሚሆን አንድም ቀን አልጠረጠርኩም። ያደከመኝ ሌላ ነገር ነው።

እናቴ ወሬውን የሰማችው ከታናሽ ወንድሜ ነበር። ወዲያው ደወለች።

«ምን አደረግሽ ልጄ?»

«ምንም አላደረግኩም እማዬ።»

«ታዲያ ፖሊስ አሻራሽን ምን ሊያደርግለት ነው?»

«ምንም አለማድረጌን ሊያይበት።»

ትንሽ ዝም አለች። «ምንም ያላደረገ ሰው አሻራ ይሰጣል እንዴ?»

ለእሷ አሻራ የሰጠ ሰው የተያዘ ሰው ነው። በፓስፖርት፣ በስልክ፣ በባንክ ጣታችንን ስንጭን እንደምንውል ብነግራትም «እሱ ሌላ ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ ሌላ ነው። ፓስፖርት ላይ አሻራ የምሰጠው እኔ መሆኔን ለማሳየት ነው። እዚህ የምሰጠው አንድ መዝገብ ውስጥ አለመኖሬን ለማሳየት ነው። ያለውን ነገር ማሳየት አያስቸግርም፤ ዲግሪ አለኝ ካልኩ ዲግሪውን አወጣለሁ። የሌለውን ነገር ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መፈለግ አለበት። ፈልጎ፣ አጥቶ፣ ማጣቱን በፊርማና በማህተም መጻፍ አለበት። ገንዘብ ከፍለን፣ ተሰልፈን፣ ለምነን ሰው እንዲፈልግልን የምናደርገው ባይገኝ የምንመርጠውን ነገር ነው።

የትውልድ ሀገር ነገር ለምን እንደማይለቀን የገባኝ ቆይቶ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1848 ቦንቪል ደ ማርሳንዢ የሚባል ፈረንሳዊ የሕግ ሰው አንድ ሐሳብ አቀረበ። ያኔ ሰው በባቡር መዘዋወር ጀምሯል። አንድ ከተማ የተፈረደበት ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ ቢያጠፋ፣ ዳኛው የፊቱን ታሪክ ለማወቅ ይቸገራል። የሰውዬው ሐሳብ ቀላል ነበር። የትም ይፈረድበት፣ የፍርዱ ማስታወሻ ወደተወለደበት አካባቢ ፍርድ ቤት ይላክና እዚያ በስሙ ይቀመጥ። ሰው ይዞራል፤ የተወለደበት ቦታ ግን አይዞርም። በ1850 መንግሥት ተቀብሎ ሥራ ላይ አዋለው። ፈረንሳዮች መዝገቡን እስካሁን «ካዚዬ» ይሉታል፤ ክፍልፋይ ያለው የወረቀት መደርደሪያ ማለት ነው። አሁን የእነሱ ናንት ከተማ በአንድ ማዕከል ተጠቃሏል፣ የጀርመኖቹ ቦን ነው፣ የአሜሪካው የአሻራ ማኅደር ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ክላርክስበርግ። ቴክኖሎጂው ተለወጠ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። የትም ብኖር፣ የሆነ ቦታ አንድ ሳጥን በስሜ ቆሞ ይጠብቀኛል። ባዶ ቢሆንም።

በስሜ አልኩ? ችግሩ እዚያ ጋ ነበር።

ወንድሜ ማመልከቻውን ሊያስገባ በሄደ በመጀመሪያው ቀን፣ ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ስምሽ ግን በስንት ዓይነት ነው የተጻፈው?»

በራሴ ፊደል ስሜ አንድ ነው። በላቲን ፊደል ግን ሦስት ሆኖ ተገኘ። ድሮ ሀገር ቤት ያወጣሁት ፓስፖርት ላይ አንድ «ኤስ» አለው። የትምህርት ማስረጃዬ ላይ ሁለት። እዚህ የመኖሪያ ፈቃድ ስጠይቅ ደግሞ ጸሐፊው እንደሰማው ጽፎት አንድ አናባቢ ጨምሮልኛል። ያኔ ምን ቸገረኝ? ስህተት እንኳን አልመሰለኝም። በዚያ ላይ እዚህ ፎርም ሁሉ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ ዘንድ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለም። አይስላንዶችም እንዲሁ ናቸው አሉ፤ ግን እነሱን ማንም አያስቸግራቸውም። ስለዚህ የአያቴን ስም አስገባሁና ላለፉት 11 ዓመታት በአያቴ ስም ስጠራ ኖርኩ። ሐኪም ቤት የአያቴ ስም ሲጠራ እኔ እነሳለሁ።

የመስኮቱ ሰውዬ ለወንድሜ ያለው ነገር ክፉ አልነበረም። «እህትህ ንጹህ ናት እንበል። ግን የትኛዋ እህትህ?» ነው ያለው።

የቀን አቆጣጠሩ የተለየ ከሆነ ሀገር የመጣ ሰውማ ሌላም ጣጣ አለበት። የልደት ቀኑን አንዱ ጋ በዚህ፣ ሌላው ጋ በዚያ አቆጣጠር አስጽፎ፣ መካከል ላይ አንድ ቀን ያጎደለ ወይም የጨመረ ስንት ሰው አውቃለሁ። ሰው ለመሳቅ ሁለት ልደት አለኝ ይላል። ሲስተም ግን አይስቅም።

መፍትሔው ሦስቱም አጻጻፍ የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ፣ ፊት ቀርቤ የምፈርመው ቃለ መሐላ ነበር። ለእሱ የቆንስላ ቀጠሮ ያዝኩ። ምክር ስጪ ብባል ከሁሉም በፊት የምለው ይህን ነው። ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ስማችሁ የተጻፈባቸውን ወረቀቶች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። እኔ ከዚህ ብጀምር ወር ተኩል አተርፍ ነበር።

ስሙ ተስተካክሎ ካርዱ ገባ። ከሳምንታት በኋላ ተመለሰ። «የሦስት ጣቶች አሻራ ሊነበብ አልቻለም» ይላል።

ወደዚያችው ሴትዮ ተመልሼ ሄድኩ። አልረሳችኝም። ጣቶቼን ወደ መብራቱ አዙራ በማጉያ መነጽር አየቻቸው። «ምን ሥራ ነበር የምትሠሪው?» አለች። ለዓመታት ጽዳት ሠርቻለሁ። ጓንት አድርጊ ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ በጓንት እጄ ያልበዋል፣ አልወድም። ሳሙናውና ኬሚካሉ የቆዳዬን መስመሮች እየላገ እያሳሳቸው ኖሯል። «አይዞሽ፣ ይመለሳሉ» አለችኝ። «ቆዳ ነው። ሁለት ሳምንት እጅሽን ከኬሚካል አርቂ። ማታ ማታ ቅባት ተቀቢ። የምትመጪ ቀን ግን ምንም እንዳትቀቢ፣ ቀለሙን አይዝልኝም።»

ግንበኞች፣ እቃ አጣቢዎች፣ ፀጉር ሠሪዎች፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ ሁሉም በየጊዜው እንደሚመላለሱባት ነገረችኝ። ይህን ስሰማ የሆነ ነገር ከነከነኝ። አሻራው የሚጠፋበት ሰው የሠራ ሰው ነው። ለስላሳ እጅ ያለው ሰው አንድ ካርድ ሞልቶ ይሄዳል።

ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ጨርሶ አሻራ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ጥቂት ቤተሰቦች በዓለም ላይ አሉ። በ2007 አንዲት ስዊዘርላንዳዊት ወደ አሜሪካ ልትገባ ስትል የአሻራ ማሽኑ ምንም ሊያገኝባት አልቻለም። ሐኪሟ ለሕመሙ የሰጠው ቅጽል ስም «የኢሚግሬሽን መዘግየት በሽታ» የሚል ነው። ያለቦታው ሳቅኩ። በ2011 ተመራማሪዎች ምክንያቱን አንድ ዘረመል ላይ አገኙት። ካፔሲታቢን የሚባል የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም አሻራቸው የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በ2009 እንዲህ የሆነ አንድ የሲንጋፖር ሰው አሜሪካ ኤርፖርት ላይ ለአራት ሰዓት ያህል መቆየቱ በሕክምና መጽሔት ተጽፏል። የእኔ የሦስት ጣት ጣጣ ከዚያ በኋላ አላስጨነቀኝም።

ለእናቴ የሚሆን ማስረጃም አገኘሁ። በ1858 ቤንጋል ውስጥ ዊልያም ኸርሸል የሚባል እንግሊዛዊ አስተዳዳሪ ራጅያዳር ኮናይ ከተባለ አቅራቢ ጋር የመንገድ መሥሪያ ጥሬ ዕቃ ውል ይዋዋላል። በኋላ «እኔ አልፈረምኩም» እንዳይል በማለት መዳፉን በቀለም ነክሮ ውሉ ጀርባ ላይ አሳተመው። ከዚያ በሚያውቃቸው ሰዎች ላይ እየሞከረ አሻራ ከዓመት ዓመት እንደማይለወጥ አየ። «ስለዚህ እማዬ፣ የጀመረው በውል ነው እንጂ በሌባ አይደለም» አልኳት።

«አሁን ግን በሌባ ነው» አለች።

ሁለት ሳምንት በጓንት ሠርቼ፣ ማታ ቅባት ተቀብቼ ካልሲ እጄ ላይ አጥልቄ ተኝቼ ተመለስኩ። በዚህኛው ጊዜ አንድ ካርድ ብቻ በቃን። ሴትዮዋ ካርዱን ከፍ አድርጋ መብራት ላይ አየችው። የቀኝ አውራ ጣቴን አዙሪት በእርሳስ ጫፍ እያሳየችኝ «ይኸው፣ ሙሉ ክብ» አለች። ሳላውቀው ኮራሁ።

ካርዱን የሚያስገባው፣ የሚከታተለው፣ የሚቀበለው ወንድሜ ነው። ለእሱ ውክልና ያስፈልገዋል። ውክልናውን እዚህ ቆንስላ ቀርቤ ፈረምኩ። በፖስታ ላክሁለት። እሱ ደግሞ የቆንስላውን ማህተም ትክክለኛነት ሀገር ቤት ያለው መሥሪያ ቤት እንዲያረጋግጥለት ተሰለፈ። ከዚያ በተረጋገጠው ውክልና ሌላ ቦታ ተሰለፈ። በዚህ መካከል የሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ አለቃውን አስቀይሞ፣ ታክሲ ለታክሲ እየዞረ ነው። አንድ ቀን «ሲስተም የለም» ተብሎ ተመለሰ። ሌላ ቀን ፈራሚው ስብሰባ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደረሰኙን ቤት ረስቶት ሄደ፤ እሱ እንኳን የራሱ ጥፋት ነው፣ ይመን።

እኔ ይኼኔ እዚህ ሥራ ላይ ነኝ። የሰዓት ልዩነቱ እንቅልፌን አሳጥቶኛል። ለሊት ተነስቼ «ምን አሉህ?» ብዬ እጽፍለታለሁ። እሱ የወረፋውን ፎቶ ይልክልኛል። የሰው ጀርባ ብቻ። ፎቶውን እያጎላሁ ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ እቆጥር ነበር።

ከዚያ ወረፋ ውስጥ ስንቱ ለራሱ፣ ስንቱ ለሰው እንደቆመ ጠየቅኩት። «ግማሹ እንደኔ የሰው ነው» አለኝ። ለእህት፣ ለባል፣ ለጓደኛ፣ ለአክስት ልጅ። አንዲት ሴትዮ ከአምስት ዓመት በፊት ለተለያት ባሏ ጭምር ቆማ ነበር አሉ። «ተኮራርፈናል፤ ግን ሌላ ሰው የለውም» ብላ ነገረችው።

ያች ሴትዮ ከአእምሮዬ አልወጣችም። የወረቀቱ ስም ላይ ከወንጀል ነፃ መሆን ተጽፎበታል እንጂ፣ ወረቀቱን የሚያገኘው ከወንጀል ነፃ የሆነ ሰው አይደለም። ሰው ያለው ሰው ነው። ሥራውን ጥሎ የሚሰለፍለት ወንድም ያለው፣ ቢያንስ የተኮራረፈችው ሚስት ያለችው። ቀጣሪዎቼ ፈተናው ለእኔ መስሏቸዋል። ፈተናውን የወሰደው ወንድሜ ነው።

ማንም የሌለው ምን ያደርጋል? ለጉዳይ አስፈጻሚ ይከፍላል። ለዚህ ሥራ በሕጋዊ ፈቃድ የተሰማሩ አሉ፤ ደህና አድርገው ይጨርሱልሃል። «እኔ ውስጥ ሰው አለኝ፣ አሻራም አያስፈልግም» የሚሉም አሉ። ለእኔም በዘመድ በኩል እንዲህ ያለ ሰው ተጠቁሞልኝ ነበር። ሁለተኛው ወር ላይ፣ ያ ካርድ በተመለሰ ሰሞን፣ ልቤ ከጅሎ እንደነበር አልደብቅም። አስቡት፣ ከወንጀል ነፃ መሆኔን ለማስመስከር ወንጀል ልሠራ ነበር። ደግነቱ ወንድሜ ተቆጣኝ።

ስደተኛ የሆነ ሰውስ? ከሸሸው መንግሥት ደጅ ሄዶ «ስለ እኔ ጻፍልኝ» ሊል ነው? ለዚህ እንኳን የታሰበበት ነገር አለ። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት 25ኛው አንቀጽ ይህንኑ ይናገራል። አንድ ስደተኛ ሊጠይቀው ከማይችለው ባለሥልጣን ወረቀት ሲያስፈልገው፣ የተጠለለበት ሀገር በራሱ ወይም በዓለም አቀፍ አካል በኩል እንዲያመቻችለት ያዛል፤ እንዲህ የተሰጠው ወረቀትም እንደ ዋናው እንዲታመን። በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ግን ለቀጣሪው ይህንን ለማስረዳት ሦስት ስብሰባ ተቀምጧል። የቀጣሪው ሠራተኛ ደግ ናት፤ ዝርዝሯ ላይ ግን «አይመለከተውም» የሚል ሳጥን አልነበራትም።

ወደ እኔው ልመለስ። ወረቀቱ በአራተኛው ወር ወጣ። ወንድሜ ፎቶ ላከልኝ። ደስታዬ ግማሽ ቀን ነው የቆየው፤ ምክንያቱም ወረቀት ሀገር ሲሻገር ብቻውን አይሄድም። ፊርማው እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክር ሌላ ፊርማ ያስፈልገዋል።

ለዚህ የዓለም መንግሥታት አንድ አቋራጭ አላቸው። አፖስቲል ይባላል። ጥቅምት 5 ቀን 1961 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሄግ ላይ በተፈረመ ስምምነት የመጣ ነው። ጎኑ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን፣ 10 ቁጥር የተሰጣቸው መስመሮች፣ አናቱ ላይ በማንኛውም ሀገር ቢሰጥ በፈረንሳይኛ የሚጻፍ አርእስት። ይህ አንዱ ማህተም ከተደረገበት፣ ስምምነቱን በተቀበለው ሌላ ሀገር ተጨማሪ ማረጋገጫ አይጠየቅም። ከ120 በላይ ሀገሮች ገብተውበታል። ቻይና በሥራ ላይ ያዋለችው በ2023 መጨረሻ ነው፤ ካናዳ እንኳን ገና በ2024 መጀመሪያ። የአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ከ2019 ወዲህ በመካከላቸው እሱንም አስቀርተውታል።

እኛ የገባንበት መንገድ ይህ አልነበረም። ስምምነቱ ሁለቱንም ሀገር ካላካተተ የድሮው ሰንሰለት ነው። የሰጪውን መሥሪያ ቤት ፊርማ አንዱ ያረጋግጣል፣ የአረጋጋጩን ሌላው፣ የእሱን ደግሞ የተቀባዩ ሀገር ኤምባሲ። የወረቀቱ ጀርባ በማህተም ሞላ። ከፊት ያለው ጽሑፍ ስድስት መስመር ነው፤ ከኋላ ያለው ምስክርነት ለራሱ ንባብ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ ሁሉ ፈራሚዎች አንዱም የፊተኛውን ስድስት መስመር እውነትነት አያረጋግጥም። አፖስቲሉም ቢሆን አያረጋግጥም። ፊርማው የባለሥልጣኑ ነው፣ ማህተሙም የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ አለቀ። ስለ እኔ የሚያውቅ ሰው በሰንሰለቱ ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ ትርጉም። ማስተርጎም ያለባችሁ ማህተሞቹ ሁሉ ካረፉ በኋላ ነው። ማህተሞቹም መተርጎም አለባቸውና። ይህን ባለማወቅ ቀድሞ አስተርጉሞ ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው አንድ ብቻ አይደለም። እኔ ግን በዚህኛው አልወደቅኩም።

ጊዜውም ሌላ ጣጣ ነው። እያንዳንዱ ተቀባይ የራሱ ሰዓት አለው። ለአሜሪካ የስደት ቪዛ ከሆነ፣ በዜግነት ሀገርህ ወይም አሁን በምትኖርበት ሀገር ከ6 ወር በላይ፣ በሌላ ሀገር ደግሞ 12 ወር ከኖርክ፣ ዕድሜህም 16 ከሞላ ትጠየቃለህ። ካናዳ ባለፉት 10 ዓመታት 6 ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ የኖርክበትን ሀገር ሁሉ ትቆጥራለች። አንዱ የሁለት ዓመት ወረቀት ይቀበላል፤ ሌላው ስድስት ወር ካለፈው አያየውም። ሌሎቹ ወረቀቶች ገና ከሆኑ ይህን አስቀድሞ ማውጣት ኪሳራ ነው። ዘግይቶ ማውጣትም ኪሳራ ነው። ለእኔ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከ11 ዓመት በፊት የወጣሁበት ሀገር ስለ እኔ የሚያውቀው ነገር በስድስት ወር ውስጥ እንዴት ይበላሻል? ተመልሼ አልሄድኩ! እዚያ ያለችው የ22 ዓመቷ እኔ ናት። እሷ ደግሞ ከእንግዲህ ምንም ልታደርግ አትችልም።

ወረቀቱ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ማንበብ ነው። የጃፓን ፖሊስ የሚሰጠው በታሸገ ፖስታ ነው፤ ባለቤቱ ከከፈተው ይበላሻል፣ ስለ ራስህ የተጻፈውን ሳታነብ ታስረክባለህ። እኔ በዚህ ዕድለኛ ነኝ። ስሜ በሦስቱም አጻጻፍ። የልደት ቀኔ። የድሮ ፎቶዬ። ከዚያ ዋናው ዓረፍተ ነገር። በዚህ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ በስሟና በአሻራዋ በተደረገው ማጣራት የተመዘገበ ወንጀል «አልተገኘም»።

ንጹህ ናት አይልም። ወንጀል የለባትም አይልም። ፈልገን አላገኘንም ነው። መጀመሪያ ቅር አለኝ፣ ለዚህ ሁሉ ልፋት ትንሽ ሞቅ ያለ ነገር ጠብቄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ሐቀኛ አነጋገር ነው። የእንግሊዞቹ ወረቀት ደግሞ ከዚህም ይራቀቃል። መዝገቡ ላይ ምንም የሌለው ሰው ወረቀት «ዱካ የለም» ይላል። ድሮ የሆነ ነገር ኖሮበት ጊዜ ያለፈበት ሰው ደግሞ «ሕያው ዱካ የለም» ተብሎ ይጻፍለታል። አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል ያየ ቀጣሪ ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም።

ሰነዱን ወስጄ አስረከብኩ። ሠራተኛዋ ፊቱን አየች። ገለበጠችና ማህተሞቹን አየች። «ብዙ ነው» አለች። ስካን አድርጋ መለሰችልኝ። አምስት ወር የፈጀው ነገር አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ማታ ለወንድሜ ነገርኩት። «በቃ? ሌላ አልጠየቁሽም?» አለ። ከጀርባው የእናቴ ድምፅ ይሰማል። «ምን አሉ? ምን አሉ?»

«ተቀበሉት እማዬ። ምንም አልተገኘባትም ይላል።»

«መንግሥት ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?»

«አዎ።»

«በማህተም?»

«በስንት ማህተም!»

በሳምንቱ ወንድሜ ፎቶ ላከልኝ። እናቴ እሱ ያስቀረውን ፎቶ ኮፒ በፍሬም አስገብታ ከምርቃት ፎቶዬ ጎን ሰቅላዋለች። ኮፒው ትንሽ ጠቁሯል። ፎቶውን እንደ ወረፋዎቹ አጎላሁት። ከታች በኩል፣ ከፍሬሙ ጠርዝ ጋር ሊጠጋ ሲል፣ «ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለ6 ወር ብቻ ያገለግላል» የሚለው መስመር ይነበባል።